ጉበቷ የታመመ ውሻ ምን ትብላ?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አበው። በዚህ አባባል ውስጥ ውሻው መብላቱ እንጂ ምን እንደሚበላ አልተነገረም። በአብዛኞቻችን ቤትም ቢሆን ጥያቄው እምብዛም አይነሣም። ከገበታ የተረፈ እንጀራ፣ የወጥ ጭላጭ፣ የተጋጠ አጥንት፣ በበዓል ዕርድ ጊዜ ሰው የማይበላው የሆድ ዕቃ፣ የውሻ ድርሻ ይኸው ነው። ደጅ የሚያድር ትልቅና ጤነኛ ውሻ ይህን እየበላ ዓመታት ይኖራል። ይሁን እንጂ ዛሬ በከተማችን፣ በተለይም በኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ በክንድ የሚታቀፉ ትንንሽ ውሾች እየበዙ መጥተዋል። ልጆች ይወዷቸዋል፤ ቤተሰቡም ይለምዳቸዋል። ሕመማቸው ግን እንደ ዝርያቸው የተለየ ነው፤ ሲታመሙም ምን እንደሚበሉ ማወቅ የሚወድቀው በቤቱ ማጀት ላይ፣ ማለትም በእናት ላይ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ በ2016 ዓ.ም. እኛ ቤት የከረመች፣ ሦስት ኪሎ የምትመዝን ውሻ ናት። ስሟ ቡቺ ይባላል። ታላቅ እህቴ ባሕር ማዶ በሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይታ፣ በየካቲት ወር ጓዟን ጠቅልላ ስትመለስ ይዛት መጣች። ከዚያ አንድ ወር አስቀድሞ ቡቺ እዚያው ሆዷ ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር። እህቴ ሐዋሳ አዲስ ሥራ ስላገኘች ብዙም ሳትቆይ ሄደች። የሐኪሞቹን ወረቀት፣ ሁለት ጠርሙስ መድኃኒትና ውሻዋን ለእኔ አስረከበችኝ። በዚያው ሰሞን እናቴም ከደብረ ብርሃን መጥታ የዓይን ሞራ ተገፍፎላት እኛ ዘንድ ነበረች። ቀን ሥራ እውላለሁ፤ ሁለት ተማሪ ልጆች አሉኝ። ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለት ከቢላ የወጡ በሽተኞችን ማስታመም ግድ ሆነብኝ።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ላስረዳ። የምንበላው ምግብ አንጀት ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ከአንጀት የሚነሣው ደም በቀጥታ ወደ መላ ሰውነት አይሄድም። በቅድሚያ ወደ ጉበት ይገባል፤ ጉበትም እንደ ማጥለያ ሆኖ መርዙን ያስቀርና የሚጠቅመውን ያሳልፋል። ለምሳሌ ሥጋና ሌላ የፕሮቲን ምግብ ሲፈጭ አንጀት ውስጥ አሞኒያ የሚባል መርዛም ነገር ይፈጠራል። ጤነኛ ጉበት አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ እሱም ከሽንት ጋር ይወጣል።

በእናቱ ማኅፀን ያለ ቡችላ ግን ደሙን የምታጠራለት እናቱ ስለሆነች፣ የራሱን ጉበት ዘሎ የሚያልፍ አቋራጭ የደም ሥር አለው። ይህ አቋራጭ ከተወለደ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዘጋል። በአንዳንድ ቡችላ ላይ ሳይዘጋ ይቀራል፤ በሌላው ደግሞ ከተፈጥሮ ውጭ የሆነ ሌላ አቋራጭ ሥር አብሮት ይወለዳል። እንደ ዮርክሻየር ቴሪየርና ማልቲዝ ባሉት ትንንሽ ዝርያዎች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። ቡቺም ዮርክሻየር ናት። ደሙ ጉበትን ዘሎ ስለሚሄድ ጉበቱ ሳያድግ ይቀራል፤ አሞኒያውም እንዳለ ወደ አንጎል ይደርሳል። ውሻው አያድግም፤ ከምግብ በኋላ ይፈዛል፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ክብ እየሠራ ይዞራል፤ ግንባሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይቆማል። ሕመሙ ሲበረታ ያንቀጠቅጠዋል፤ የሽንት ፊኛ ጠጠርም ይከተላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ውሻው አበደ» ወይም «ሰው መርዝ አበላው» ይላል።

ሕክምናው አቋራጩን መዝጋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞች በአንድ ጊዜ አያንቁትም። ደሙ ሁሉ በድንገት ወደዚያ ትንሽ ጉበት ቢገፋ ግፊቱ የሆድ ዕቃውን ይጎዳል። ስለዚህ በሥሩ ዙሪያ ትንሽ ቀለበት ያስገባሉ። የቀለበቷ ውጭ ብረት ሲሆን ውስጧ ኬዚን ከሚባል የደረቀ የወተት ፕሮቲን የተሠራ ነው። ይህ ፕሮቲን የሰውነትን ፈሳሽ እየመጠጠ ያብጣል፤ ቀዳዳው እየጠበበ ይሄድና ሥሩ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይዘጋል። አይብ ውስጥ ያለውም ፕሮቲን በአብዛኛው ይኸው ኬዚን ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ጥቂት አሰብ አደረገችና፣

«እንግዲያው በአይብ ነው የተጠገነችው በይኛ» አለችኝ።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፣ ቀዶ ጥገናው የተሳካ ቢሆንም ውሻዋ በማግሥቱ ድናለች ማለት አለመሆኑን ነው። ቀለበቷ እስክትዘጋ፣ ጉበቱም ደም አግኝቶ እስኪያድግ ድረስ ሁለትና ሦስት ወር ያስፈልጋል። በእነዚያ ወራት ውሻዋን በሕይወት የሚያቆያት መድኃኒቱና ሳህኗ ላይ የሚቀርበው ምግብ ነው።

ይህ እውነት መሆኑን ያየነው በቅበላ ሳምንት ነው። እንደሚታወቀው በዚያ ሰሞን ቤት ሁሉ ሥጋ በሥጋ ይሆናል። እህቴን እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት ዘመዶች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ክፉ ያላሰበ ደግ ሰው፣ ቡቺ ስታየው አንጀቱ ተላውሶ ኖሮ ከጥሬ ጉበቱ እየቆረጠ በገበታው ሥር ይሰጣታል። ማንም አላየም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጄ ጠራችኝ። ቡቺ የሳሎኑን ጥግ ግንባሯን አስደግፋ ቆማለች፤ ስሟን ብንጠራ አትሰማም፤ ብናዞራት ተመልሳ ያንኑ ግድግዳ ትገፋለች፤ ለሃጯ ይዝረበረባል። እህቴ ፊቷ ተለዋወጠ። አቅፈን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሟ በፊንጢጣዋ በኩል አንጀቷን በመድኃኒት አጠበችላት፤ ግሉኮስም ሰጠቻት። እስከ እኩለ ሌሊት አጠገቧ ተቀምጠን ቆየን። ሊነጋጋ ሲል ጅራቷን ወዘወዘች።

በማግሥቱ ዘመዳችን ነገሩን ሲሰማ እጅግ አዘነ። «እኔ እኮ ጉበቷን ታማለች ሲሉ ብሰማ ጉበት ይጠግናታል ብዬ ነው» አለ። ይህ አስተሳሰብ የእሱ ብቻ አይደለም። ደም ያነሰው ሰው ጉበት እንዲበላ ይመከራልና፣ ጉበቱ ለታመመም ጉበት መድኃኒቱ ይመስለናል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው።

አንደኛ፣ ጉበትና ደም የበዛበት ሥጋ ብዙ አሞኒያ ከሚያስከትሉት ምግቦች ውስጥ ናቸው። ሁለተኛ፣ የከብት ጉበት መዳብ የሚባለው ማዕድን በብዛት ያለበት ሲሆን፣ የታመመ ጉበት ደግሞ ትርፉን መዳብ በደንብ ማስወገድ ስለማይችል በላዩ ላይ ይጠራቀምበታል። ሦስተኛው ምክንያት ለጤነኛ ውሻና ለእኛም ለሰዎቹ የሚሆን ነው። በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር እናያለን። ይህ የውሻ ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ልጆች ውሻውን ደባብሰው እጃቸውን ሳይታጠቡ ቢበሉ ያው ፊኛ በእነሱ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት እያደገ ይቀመጣል። ስለዚህ በበዓል ዕርድ ጊዜ ፊኛ ያለበትን የሆድ ዕቃ ለውሻ መጣል ልማዳችን ከሆነ ልንተወው ይገባል። ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ተደርጎ በጥልቅ ይቀበር።

እንግዲህ ጉበት ካልሆነ ምን ትብላ? አንዲት ጎረቤቴ «ፕሮቲን ከሆነ ጠንቁ ሩዝ ብቻ ስጫት» ብላ መከረችኝ። ሐኪሟን ብጠይቃት ይህም ትክክል አለመሆኑን አስረዳችኝ። ውሻ ፕሮቲን ካጣ ቁስሉ አይድንም፤ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ጡንቻ ደግሞ አሞኒያን በማስወገድ ጉበትን ያግዛል። ስለዚህ የሚፈለገው በልክ የሆነና ጥሩ ዓይነት ፕሮቲን ነው። የታመመ ጉበት ያላቸው ውሾች ከቀይ ሥጋ ይልቅ የወተት ውጤት፣ እንቁላልና አኩሪ አተር ይስማማቸዋል።

ለዚህ የእኛ አይብ በጣም ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወተቱ ረግቶ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ቅቤው ስለወጣለት ስቡ አነስተኛ ነው፤ ጨውም የለበትም። ከሱቅ የሚገዛው የውጭ ፎርማጆ ግን ጨው ስለሚበዛበት ለእንዲህ ያለ በሽተኛ አይሆንም። ጤና አዳም ወይም ሚጥሚጣ የገባበትም አይብ ለሰው እንጂ ለውሻ አይደለም።

በወቅቱ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ መጋቢት 2 ነው የጀመረው። በሙሉ በሚጾም ቤት ውስጥ አይብ ማፍላትና እንቁላል መቀቀል እናቴን ያስቀይማታል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሷ ግን ዓይኗ እንደታሸገ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ውሻ ጾም የለባት፣ ንስሐ የለባት። ድስቷን ለይልኝና አይቡን እኔ አወጣዋለሁ» አለች። ደግሞም በጾም ወራት የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ ወተቱ እንደልብ ይገኛል። ከሱሉልታ በኩል ከሚመጣው ወተት እየገዛን፣ እናቴ ሻል ሲላት ራሷ እያረጋች፣ ልጄ እየናጠች፣ የቡቺን አይብ ሳናቋርጥ አቆየን።

ለቡቺ ሐኪሟ ለክታ ያዘዘችው የቀን ምግብ የሚከተለው ነበር። በቡና ሲኒ ሁለት ሲኒ ተኩል በደንብ የበሰለ ነጭ ሩዝ፣ ግማሽ ሲኒ አይብ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ጥቂት የተቀቀለና የተፈጨ ካሮት። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን በአይቡ ፈንታ አንድ ትንሽ የተቀቀለ እንቁላል ይሰጣታል። ከዚህ በተጨማሪ የካልሲየምና የቪታሚን ዱቄት ታዝዞላታል፤ እንዲህ ያለው የቤት ምግብ ብቻውን ለረዥም ጊዜ አይበቃምና። ይህ ልክ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን አንዲት በሽተኛ የተሰጠ ስለሆነ፣ ሌላ ውሻ ያላችሁ አንባቢዎች ከራሳችሁ ሐኪም ሳትማከሩ እንዳለ እንዳትወስዱት አደራ እላለሁ።

ምግቡ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። ብዙ ምግብ በአንዴ ሲገባ አሞኒያውም በአንዴ ይነሣል። እንዲህ ያለች ትንሽ ውሻ ደግሞ ለረዥም ሰዓት ከተራበች የደሟ ስኳር ይወርዳል። ስለዚህ በአራት ከፍለን ጠዋት በ12 ሰዓት፣ ቀን በ6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓትና ማታ በ3 ሰዓት እንሰጣት ነበር። ሠራተኛ እናት እንዴት ለስድስት ሰዓት ትደርሳለች ብትሉ፣ ምግቡን ማታ ሠርቼ በአራት ጣሳ እከፍልና ፍሪጅ ውስጥ አኖራለሁ። የቀኑን የምትሰጣት እናቴ ናት። ዓይኗ የታከመ ሰው እንዳያጎነብስ ስለሚመከር፣ ሳህኗን በርጩማ ላይ፣ ቡቺን ደግሞ አልጋው ላይ አውጥተን እንተዋቸዋለን። እናቴ ለብ ማለቱን በጣቷ እየለካች ታበላታለች። «ሁለታችንም ከቢላ የወጣን ነን፤ እንተዋወቃለን» ትል ነበር።

መድኃኒቷ ላክቱሎስ የሚባል ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ለሆድ ድርቀት ለሰውም ይታዘዛል። አንጀት ውስጥ ገብቶ አሞኒያውን ይይዝና ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጣዋል። ልኩ የሚታወቀው በዓይነ ምድሩ ነው። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ከወጣ መጠኑ ደህና ነው። እንደ ውሃ ከቀጠነ ስለበዛ፣ ከደረቀም ስላነሰ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። የሆድ ድርቀት ለእንዲህ ያለ በሽተኛ አደገኛ ነው፤ መርዙ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ወደ ደም የሚገባው ይበዛልና። ንጹሕ ውሃም ከአጠገቧ መለየት የለበትም። ልጄ ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር አወጣች። የበላችውን፣ የወጣውን፣ በየእሑዱም ክብደቷን ትጽፋለች። ሐኪሟ ደብተሩን ስታይ ከማንኛችንም ቃል ይልቅ እሱን አመነች።

ለማንኛውም ውሻ ቢሆን መሰጠት የሌለባቸውን ነገሮች እዚህ ላይ ላስታውስ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ይሁን የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። እንግዲህ የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራምና «እንጀራ በወጥ» የሚባለው የውሻ ምግብ ለትንሽ ውሻ ጉዳት ነው። ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ቸኮላት መርዙ ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። ከሁሉም በላይ ለሰው የተገዛ የሕመም ማስታገሻ አይሰጥ። ፓራሲታሞል የውሻን ጉበት ይመርዛል፤ አይቡፕሮፌንም ጨጓራውንና ኩላሊቱን ያቆስላል።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ ልለፍ። ለውሻ ይህን ያህል መድከም ተገቢ ነውን? ይህን ጥያቄ የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። «ሰው የሚበላው አጥቶ ሳለ አንቺ ለውሻ እንቁላል ትቀቅያለሽ?» አለችኝ። የተናገረችው በክፋት አይደለም፤ የኑሮ ውድነት ያስመረራት የሦስት ልጆች እናት ናት። እኔም ቀላል መልስ የለኝም። የቀዶ ጥገናውን ወጪ እህቴ የከፈለችው ከራሷ ላብ ነው፤ በባዕድ አገር ብቸኝነቷን የተጋራቻት ይህች ፍጥረት ብቻ ነበረች። በእኔ ቤት የወጣው ደግሞ ሁለት ሲኒ ተኩል ሩዝና ግማሽ ሲኒ አይብ ነው። ይህ የማንንም ድሃ ጎተራ አያጎድልም፤ ቢቀርም ወደ ማንም ድሃ አይሄድም። ልጆቼ ግን መናገር ለማይችል ፍጡር ሰዓት ጠብቆ ማብላትን ተማሩ። ልጄ ያንን ደብተር ስትጨርስ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ በሌላ ገጽ የአያቷን የዓይን ጠብታ ሰዓት መጻፍ ጀምራ አገኘኋት። ለባልደረባዬ የነገርኳትም ይህንኑ ነው። ተስማማች አልልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን «ውሻዋ እንዴት አደረች?» ሳትለኝ አታልፍም።

የፋሲካ ሰሞን፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ ቀዶ ጥገናው ሦስት ወር ሲሞላው የቡቺ ደም ተመረመረ፤ ውጤቱም ደህና ሆነ። ያም ቢሆን ሐኪሟ በአንድ ጊዜ ወደ ሥጋ እንዳንሄድ አስጠነቀቀችን። ቆዳና አጥንት የሌለው፣ ያለ ጨው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ሳምንት ሰጠናት። ምንም ስላልታየባት ቀስ እያልን ጨመርን፤ ላክቱሎሱንም ቀስ እያልን ቀነስን። ክብደቷ ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ደረሰ። በሰኔ ወር እህቴ መጥታ ወሰደቻት።

ውሻ ለማሳደግ የምታስቡ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ቡችላ አምጡልን ሲሏችሁ ከመልኩ አስቀድማችሁ ስለ ዝርያው ሕመም ጠይቁ። የማያድግ፣ ከምግብ በኋላ የሚፈዝና የሚንገዳገድ ቡችላ ካለ «ለምዶበት ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ይየው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየጊዜው፣ የኮሶ መድኃኒቱንም ሐኪም ባዘዘው መሠረት ስጡት። ልጆቻችሁ ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በሽተኛ ውሻ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ እንግዳ ከመቀመጡ በፊት «ከገበታ እንዳትሰጧት» ብሎ መናገር ነውር አይደለም። እኛ ከቅበላ በኋላ ይህንኑ በትልቁ ጽፈን የሳሎኑ በር ላይ ለጥፈን ነበር። እናቴ ዳግም ማየት ስትጀምር መጀመሪያ ካነበበቻቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ካነበበችም በኋላ «እኔንም ይጨምራል?» ብላ ጠየቀችን።